የቢሮ ስልክ 911 ሲደውል አድራሻውን ከየት ያመጣል?

ጥያቄ፦ «በሰሜን ቨርጂኒያ የአረጋውያን የቀን መዋያና የቤት ለቤት እንክብካቤ ድርጅት አለን። ዋናው ቢሮ በአንድ ሕንፃ አንደኛና ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ የፖስታ አድራሻው አሌክሳንድሪያ ይላል። ሁለተኛው ቢሮ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ጆርጂያ አቬኑ ላይ ነው። አምስት ሠራተኞች ከቤታቸው በላፕቶፕ ስልክ ይሠራሉ፤ ሁለት ደግሞ አዲስ አበባ ሆነው የተንከባካቢዎችን ፈረቃ ይመድባሉ። ባለፈው ዓመት የድሮውን የስልክ ሥርዓት አውጥተን በኢንተርኔት የሚሠራ አስገባን፤ ሻጩም 911፣ ማለትም የአሜሪካው የድንገተኛ አደጋ መጥሪያ ቁጥር፣ በጥቅሉ ውስጥ እንዳለ ነገረን። ባለፈው ወር ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ አንዲት እናት ራሳቸውን ስተው ሠራተኛችን በጠረጴዛ ስልክ 911 ስትደውል ያነሱት በቨርጂኒያ የፌርፋክስ ካውንቲ (የአካባቢ አስተዳደር) የ911 ጥሪ ተቀባዮች ሆኑ፤ ያዩትም የዋናውን ቢሮ አድራሻ ነው። ጥሪው ወደ ሜሪላንድ እስኪዛወር ደቂቃዎች ጠፉ። እግዚአብሔር ይመስገን እናታችን ተርፈዋል። ስልኩ ያለበትን ቦታ ለምን አላወቀም? ሻጩ አሁን በየወሩ የሚከፈልበት ‹ተንቀሳቃሽ አድራሻ› የሚባል ተጨማሪ አገልግሎት ግዙ ይለናል፤ እንግዛ? ወይስ ሠራተኞቹን ‹በእጅ ስልካችሁ ደውሉ› ማለት ይበቃል?»

ምላሽ፦ ስልኩ ያለበትን ቦታ ያላወቀው ተበላሽቶ አይደለም፤ የጠረጴዛ ስልክ ያለበትን ቦታ በራሱ የሚያውቅበት መንገድ ስለሌለው ነው። ውስጡ ጂፒኤስ የለም፤ ከሳተላይትም ሆነ ከሞባይል አንቴና ጋር አይነጋገርም። የእጅ ስልኩ ካርታ ላይ ራሱን ሲያሳይ ያየ ሰው የቢሮውም ስልክ እንዲሁ የሚሠራ ይመስለዋል፤ የሁለቱ አሠራር ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው። በመዳብ መስመር ዘመን ይህ ችግር አልነበረም፤ ሽቦው ከስልክ ኩባንያው ተነሥቶ አንድ ሕንፃ ግድግዳ ላይ ስለሚያበቃ ቁጥሩና አድራሻው ሊለያዩ አይችሉም ነበር። በኢንተርኔት የሚሠራ ስልክ ግን ከቨርጂኒያ ነቅለው ሜሪላንድ ቢሰኩት በዚያው ቁጥር ይጠራል። ስለዚህ 911 ሲደወል በአብዛኛው ከጥሪው ጋር የሚሄደው ቁጥር ነው፤ በዚያ ቁጥር አንድ መዝገብ ይፈለጋል፤ በመዝገቡ የሰፈረው አድራሻ ጥሪ ተቀባዩ ስክሪን ላይ ይወጣል። ነገሩ እንደ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ነው፦ ሐኪሙ የሚያነበው በካርድ ቁጥሩ የወጣለትን ማኅደር ነው፤ የተሰጠው ቁጥር የሌላ ሰው ከሆነ ፊት ለፊቱ የተቀመጠውን በሽተኛ ማኅደሩ አይነግረውም። አዳዲስ ሥርዓቶች አድራሻውን ራሱን ከጥሪው ጋር አያይዘው መላክ ይችላሉ፤ ያም ቢሆን አስቀድሞ አንድ ሰው የጻፈው ወይም ከኔትወርኩ የተገመተ አድራሻ ነው።

በእርስዎ ቢሮ የተፈጠረው ስሕተት ምንጩ ከሁለት አንዱ ነው፤ ሁለቱም በአንድነት ሊሆኑ ይችላሉ። አንደኛው፣ ሥርዓቱን ያስገባው ባለሙያ ሁሉንም ስልኮች በዋናው ቢሮ አድራሻ መዝግቦ ሄዷል፤ ይህ በየቦታው የማየው ነገር ነው፤ ቅጹ ላይ አድራሻ የሚል ቦታ ሲያገኝ ደረሰኙ የሚላክበትን ይሞላል። ሁለተኛውና ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ደግሞ የወጪ ቁጥር መደበቅ ነው። ድርጅቶች ከየትኛውም ጠረጴዛ ቢደወል ደንበኛው ጋ ዋናው ቁጥር ብቻ እንዲታይ ያደርጋሉ፤ ለሥራ ጥሩ ነገር ነው፤ ደንበኛው የሚያውቀውን ቁጥር አይቶ ያነሳል። ይኸው ቅንብር ለ911 ጥሪም ከዋለ ግን ከሲልቨር ስፕሪንግ የተደወለው ጥሪ የአሌክሳንድሪያውን ቁጥር ለብሶ ይወጣል፤ መዝገቡም የአሌክሳንድሪያውን አድራሻ ይሰጣል። ጉዳቱ ስክሪን ላይ የተሳሳተ አድራሻ በመታየት ብቻ አያበቃም። ጥሪው የትኛው የ911 ጥሪ መቀበያ ማዕከል እንደሚሄድ የሚወሰነው ማንም ቃል ሳይተነፍስ በዚያው አድራሻ ነው፤ ፌርፋክሶች ያነሱት ለዚህ ነው። መፍትሔው ደግሞ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፦ ለእያንዳንዱ ቢሮ፣ ቢቻል ለእያንዳንዱ ፎቅ፣ ለአደጋ ጥሪ ብቻ የሚውል የራሱ ቁጥር ተመድቦ 911 ሲደወል ዋናው ቁጥር ሳይሆን እሱ እንዲታይ ማድረግ ነው። በየትኛውም ደህና ሥርዓት ውስጥ ይህ ቅንብር አለ፤ ያልተሞላ ሆኖ ብቻ ነው።

ከዚህ ጋር አብሮ መታየት ያለበት መልሶ የሚደወልበት ቁጥር ነው። መስመሩ ከተቋረጠ የ911 ጥሪ ተቀባይ በታየው ቁጥር መልሶ ይደውላል። በአብዛኛው ቢሮ ያ ቁጥር የሚያደርሰው «ለእንግሊዝኛ አንድን ይጫኑ፣ ለሂሳብ ክፍል ሁለትን ይጫኑ» የሚል የተቀዳ ድምፅ ጋ ነው፤ ከሥራ ሰዓት በኋላ ከሆነ ደግሞ ወደ መልእክት ሳጥን ይገባል። ልቧ የቆመች እናት አጠገብ ተንበርክካ ደረቷን የምትጫን ሠራተኛ፣ ቀጥሎ ምን ማድረግ እንዳለባት የሚነግራትን ሰው የተቀዳ ድምፅ ከለከላት ማለት ነው። የአደጋ ቁጥሮቹ መልሶ ሲደወልባቸው በቀጥታ ያንን ስልክ፣ ካልተነሣም በዚያው ቢሮ ያሉትን ስልኮች ሁሉ እንዲጠሩ ይደረግ፤ «አትረብሹ» የሚለው ቁልፍና ጥሪን ወደ ሌላ የማስተላለፉ ቅንብርም በእነዚህ ቁጥሮች ላይ እንዳይሠሩ ይዘጉ። የንግድ ስልክ ሥርዓት የሚሸጥባቸው ምቹ ነገሮች፣ ማለትም የተቀዳው አስተናጋጅ፣ የቁጥር መደበቅ፣ ጥሪ ማስተላለፍ፣ አንድን ስልክ በየፈረቃው ለተለያየ ሰው ማጋራት፣ ሁሉም ለ911 እንቅፋት ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሻጩ ስለ እያንዳንዳቸው ሲያወራ ይህን አይነግርዎትም።

የእናንተ አካባቢ ደግሞ የራሱ ወጥመድ አለው። የፖስታ አድራሻ ስም የአስተዳደር ወሰንን አያሳይም። «አሌክሳንድሪያ» የሚል የፖስታ አድራሻ ካላቸው ቤቶችና ቢሮዎች ብዙዎቹ በአሌክሳንድሪያ ከተማ ውስጥ ሳይሆኑ በፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ ናቸው፤ «ፎልስ ቸርች» የሚሉትም እንዲሁ፤ ቤይሊስ ክሮስሮድስ አካባቢ ያሉ የሐበሻ ንግድ ቤቶች ይህን በየቀኑ ይኖሩታል። የከተማዋ የአደጋ ማዕከልና የካውንቲው ማዕከል ደግሞ የተለያዩ ናቸው። ጆርጂያ አቬኑም ከዋሽንግተን ዲሲ ተነሥቶ ኢስተርን አቬኑን ተሻግሮ ሲልቨር ስፕሪንግ ይገባል፤ በዲሲ በኩል ሰሜን ምዕራብ (NW) የሚለው ምልክት ይከተለዋል፣ በሜሪላንድ በኩል አይከተለውም። ቅጹን የሞላው ሰው አንድ ነገር ከዘለለ ወይም ከጨመረ ጥሪው ሲልቨር ስፕሪንግ ወዳለችበት ሞንትጎመሪ ካውንቲ በመሄድ ፈንታ ዲሲ ሊሄድ ይችላል። ለዚህ ነው የሚመዘገበው አድራሻ የግድ መረጋገጥ ያለበት፤ ማረጋገጥ ማለት በአካባቢው የ911 አስተዳደር የመንገዶች መዝገብ ላይ እንደዚያው ተጽፎ መገኘቱን ማየት ነው። ሥርዓቱ አድራሻውን ስታስገቡ አንድ የተስተካከለ አጻጻፍ ቢያቀርብላችሁ ያንን ተቀበሉ፤ «ለእኛ የሚመቸን ይህ ነው» ብላችሁ በግድ አታሳልፉ።

ሕጉን በተመለከተ፣ ጉዳዩ የድርጅቱ በጎ ፈቃድ አይደለም። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 1 ቀን 2013 በቴክሳስ፣ ማርሻል ከተማ አንድ ሆቴል ክፍል ውስጥ ካሪ ሀንት የተባለች እናት ተለያይታው በነበረ ባሏ ስትገደል፣ የዘጠኝ ዓመት ልጇ በክፍሉ ስልክ 911 አራት ጊዜ ሞክራለች። ስልኩ ወደ ውጭ ለመደወል መጀመሪያ 9 ስለሚጠይቅ አንዱም አልወጣም። በእናቲቱ ስም የተሰየመው የካሪ ሕግ በፌብሩዋሪ 16 ቀን 2018 ተፈረመ፤ የመጀመሪያው የ911 ጥሪ በአላባማ፣ ሄሊቪል ከተደወለ ልክ 50 ዓመት መሆኑ ነው። ከፌብሩዋሪ 16 ቀን 2020 በኋላ የተሸጠ፣ የተከራየ ወይም የተተከለ ማንኛውም ብዙ መስመር ያለው የስልክ ሥርዓት፣ ያለ ምንም ቅድመ ቁጥር 911ን በቀጥታ ማስደወል አለበት፤ ጥሪው በተደረገበት ቅጽበትም ሊያይ ወይም ሊሰማ ወደሚችል ሰው ማስታወቂያ መላክ አለበት። በዚያው በ2018 የወጣው የሬይ ባውም ሕግ ደግሞ ጥሪው ሊላክበት የሚችል አድራሻ ይዞ እንዲሄድ ያዛል፤ ይህም የተረጋገጠ የመንገድ አድራሻ ሆኖ የፎቁን፣ የክፍሉን ወይም መሰል መለያ የሚጨምር ነው። በሕንፃ ውስጥ ቋሚ ለሆኑ ስልኮች ግዴታው ከጃንዋሪ 6 ቀን 2021 ጀምሮ፣ ለሚንቀሳቀሱትና ከቢሮ ውጭ ላሉት ከጃንዋሪ 6 ቀን 2022 ጀምሮ ይሠራል። የእናንተ ሥርዓት ባለፈው ዓመት ስለገባ ሁሉም ይመለከታችኋል። ሻጩ፣ አስገቢውና አስተዳዳሪው እያንዳንዳቸው ድርሻ አላቸው፤ ነገር ግን የካሪን ሕግ የማያሟላ ሥርዓት ሲገኝ የአሜሪካን የስልክ አገልግሎት በሚቆጣጠረው በፌደራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ደንብ መጀመሪያ ተጠያቂ ተብሎ የሚገመተው ሥርዓቱን የሚያስተዳድረው ነው፤ ድርሻውን መወጣቱን ማስረዳት የእሱ ፋንታ ይሆናል። ስለዚህ «ሻጩ አለ ብሎን ነበር» የሚለው አያድንም።

ማስታወቂያው ለማን እንደሚሄድ ብዙ ቦታ በግዴለሽነት ይሞላል። የባለቤቱ ኢሜይል ተጽፎ ይቀራል፤ ባለቤቱ ደግሞ በዚያ ሰዓት መኪና እየነዱ ወይም ተኝተው ይሆናሉ። ማስታወቂያው የሚጠቅመው በዚያው ሕንፃ ያለ ሰው ሲያየው ነው፤ ከሦስተኛ ፎቅ 911 ሲደወል አንደኛ ፎቅ እንግዳ መቀበያ ያለችው ሠራተኛ ስክሪኗ ላይ «ሦስተኛ ፎቅ፣ ክፍል 304» ብሎ ሲመጣላት ሊፍቱን ይዛ፣ በሩን ከፍታ የአምቡላንስ ሠራተኞቹን ትጠብቃለች። ለየቢሮው በዚያው ላሉ ሁለት ሰዎች በስክሪንና በጽሑፍ መልእክት እንዲደርስ ይደረግ፤ ለእርስዎ ደግሞ ቅጂ ይምጣ። የማስታወቂያው ተቀባይ ሥራዋን ስትለቅ ስሟ ከዝርዝሩ እንዲወጣ አንድ ሰው በኃላፊነት ይያዝ፤ ከሁለት ዓመት በፊት የለቀቀ ሰው ስልክ ላይ የሚደርስ ማስታወቂያ እንዳልተላከ ይቆጠራል።

አሁን ሻጩ ወደሚያቀርብላችሁ «ተንቀሳቃሽ አድራሻ» ልምጣ። ይህ አገልግሎት እውነተኛ ጥቅም አለው፤ ለሁሉም ስልክ ግን አያስፈልግም። የሚሠራው ስልኩ ወይም ላፕቶፑ ከየትኛው የኔትወርክ ነጥብ ጋር እንደተያያዘ በማየት ነው፦ የትኛው ስዊች (የኔትወርክ ገመዶች የሚሰኩበት ሳጥን)፣ የስዊቹ ስንተኛ ቀዳዳ፣ የትኛው የዋይፋይ ማሠራጫ፣ ወይም የትኛው የኔትወርክ ክፍል። አስቀድሞ አንድ ሰው «ይህ የዋይፋይ ማሠራጫ ሦስተኛ ፎቅ ምሥራቅ በኩል ነው» ብሎ ሰንጠረዥ ይሞላል፤ ላፕቶፑ በዚያ ሲያያዝ አድራሻው ከሰንጠረዡ ይወሰዳል። ከዚህ የሚከተለውን ልብ ይበሉ፤ ሰንጠረዡን የሚሞላው ሰው ነው፤ የዋይፋይ ማሠራጫው ተበላሽቶ በሌላ ሲተካ ወይም ቴክኒሻኑ ከአንደኛ ፎቅ ነቅሎ ሦስተኛ ፎቅ ሲሰቅለው ሰንጠረዡ ካልታደሰ አገልግሎቱ ዝም ብሎ የተሳሳተ አድራሻ ይልካል። በየወሩ የምትከፍሉት ገንዘብ ይህን ሥራ አይሠራላችሁም።

በእናንተ ሁኔታ የጠረጴዛ ስልኮቹ ከቦታቸው አይነሡም፤ ስለዚህ ለእነርሱ ይህን መግዛት አያስፈልግም፤ ለእያንዳንዱ ስልክ አድራሻውን ከነፎቁና ከነክፍሉ አንድ ጊዜ በትክክል መመዝገብ ይበቃል። ስልክ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ሲዛወር ግን መዝገቡ አብሮ እንዲዛወር የጽሑፍ ደንብ ይኑራችሁ። በሁለቱ ቢሮዎች መካከል ላፕቶፕ ይዘው ለሚመላለሱና ከቤት ለሚሠሩት ግን ይግዙ፤ ለእነዚያ መስመሮች ብቻ። ሻጩ ለሁሉም መስመር ካልሆነ አልሸጥም ካለ ምክንያቱን በጽሑፍ ይጠይቁት፤ አብዛኛው ሥርዓት በመስመር ቁጥር ነው የሚያስከፍለው።

ከቤት የሚሠሩት ላይ ኔትወርኩ የእናንተ ስላልሆነ ሰንጠረዥ ልትሞሉላቸው አትችሉም። እዚያ የሚሠራው መንገድ ሠራተኛው ራሱ አድራሻውን ማስገባቱ ነው፤ ፕሮግራሙ አዲስ ኢንተርኔት ላይ መሆኑን ሲያውቅ «አሁን የት ነህ?» ብሎ ይጠይቃል። ይህን ጥያቄ ሠራተኛው ዘግቶ እንዲያልፈው አትፍቀዱ፤ አድራሻ ሳያረጋግጥ ስልኩ እንዳይከፈት ማድረግ ይቻላል፣ እኔም ያንኑ እመክራለሁ። ሠራተኛዋ እህቷ ቤት ሪችመንድ ሄዳ ከዚያ ስትሠራ መስኮቱን ዝም ብላ ከዘጋችው 911 ብትደውል የሚላኩት ወደ ስፕሪንግፊልዱ ቤቷ ነው። አድራሻ ያልተመዘገበበት ጥሪ ደግሞ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚደርሰው አድራሻውን በቃል ጠይቆ ወደ ትክክለኛው ማዕከል የሚያስተላልፍ አገናኝ ጋ ነው፤ መናገር ለማይችል ሰው ያ ማለት እርዳታ የለም ማለት ነው።

አዲስ አበባ ያሉት ሁለት ሠራተኞች ነገር ለብቻው መታየት አለበት፤ በጥያቄዎ ውስጥ ትልቁን አደጋ ያየሁትም እዚህ ነው። ላፕቶፓቸው ላይ ያለው ስልክ የቨርጂኒያ ቁጥር ነው፤ 911 ቢደውሉ ጥሪው በተመዘገበላቸው የአሜሪካ አድራሻ ወደ አንድ የአሜሪካ ማዕከል ይሄዳል፣ ሕይወታቸው ያለው ግን ቦሌ ወይም መገናኛ ነው። ለራሳቸው አደጋ በእጅ ስልካቸው የአገራቸውን ቁጥር ይደውሉ፦ ፖሊስ 991፣ እሳትና ድንገተኛ አደጋ 939፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፤ እነዚህን አጫጭር ቁጥሮች የአሜሪካው ሥርዓት አያስደውልም። በሌላ በኩል፣ ፈረቃ መዳቢ ስለሆኑ ቤታቸው የወደቁ አንድ አባት ወይም ተንከባካቢያቸው መጀመሪያ የሚደውሉት ለእነርሱ ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ ደንቡ አጭር ነው፤ «ስልኩን ዝጉና አሁኑኑ 911 ደውሉ፤ እኔ መልሼ እደውላለሁ» ማለት። አጠገቡ ያለ ሰው የሚደውለው ጥሪ ብቻ ነው በትክክል ወደዚያው ካውንቲ የሚሄደው። አባት መደወል ካልቻሉ፣ የሚኖሩበት ካውንቲ የአደጋ ማዕከል ባለ አሥር አኃዙ ቀጥታ ቁጥር ያስፈልጋል፤ ደንበኞቻችሁ ላሉባቸው ካውንቲዎች ሁሉ፣ ለፌርፋክስ፣ ለአርሊንግተን፣ ለአሌክሳንድሪያ ከተማ፣ ለሞንትጎመሪ፣ ለፕሪንስ ጆርጅስና ለዲሲ፣ እነዚህን ቁጥሮች ከየማዕከሉ ጠይቃችሁ በእያንዳንዱ ደንበኛ መዝገብ ላይ ከአድራሻው ጎን ጻፉ። ይህ ደንብ አሜሪካ ላሉት መዳቢዎችም ያገለግላል። ዋናው ቢሮ ተቀምጣ ሜሪላንድ፣ ላርጎ ላለች ደንበኛ 911 የምትደውል ሠራተኛ የምታገኘው ፌርፋክስን ነው፤ የግድ ከደወለችም የመጀመሪያ ቃሏ «በሽተኛዋ እዚህ አይደለችም፤ ያለችው በዚህ አድራሻ ነው» የሚል ይሁን።

«በእጅ ስልካችሁ ደውሉ» የሚለው ሐሳብ ትክክል የሚሆንበት ቦታ አለ፤ መብራት ሲጠፋ፣ ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ ግቢ ውስጥ ወይም መኪና ማቆሚያ ላይ ሲሆን። የእጅ ስልክ በሳተላይት፣ በዋይፋይና በአንቴና ቦታውን ገምቶ ይልካል፤ ክፍት ሜዳ ላይ በጣም ጥሩ ነው። ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ ውስጥ ግን ሕንፃውን ቢያገኝም ፎቁንና ክፍሉን በእርግጠኝነት አይናገርም፤ ወሰን አካባቢ ደግሞ ጥሪው ከወሰኑ ማዶ ባለ አንቴና ተነሥቶ ሌላ ማዕከል ሊሄድ ይችላል፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ከዲሲ ጋር የምትዋሰን መሆኗን አይርሱ። በተጨማሪም የእጅ ስልክ ጥሪ ለእንግዳ መቀበያዋ ምንም ማስታወቂያ አይልክም፤ አምቡላንሱ በር ላይ ሲደርስ የት እንደሚሄድ የሚያውቅ ሰው አይኖርም። የቢሮውን ስልክ ማስተካከል ሲቻል ሁሉን በእጅ ስልክ ላይ መጣል ከሕጉም አያወጣችሁም፣ ጊዜም አያተርፍም። በትክክል የተመዘገበ የጠረጴዛ ስልክ ሕንፃ ውስጥ ከእጅ ስልክ ይበልጣል።

ሳልጠየቅ የማነሣው አንድ ነገር አለ፤ ሠራተኞቻችሁ ወደ ኢትዮጵያ በብዛት ይደውላሉ። ወደ ውጭ ለመደወል 9 የሚጠይቅ ሥርዓት ላይ ወደ አገር ቤት የሚደወለው 9፣ ከዚያ 011፣ ከዚያ 251 ተብሎ ነው። ዜሮዋ ከተዘለለች 9፣ 1፣ 1 ሆኖ 911 ይነሣል። ማዕከሎቹ ይህን ዓይነት የስሕተት ጥሪ በየቀኑ ያስተናግዳሉ። ዘጠኝን የውጭ መስመር መክፈቻ ማድረጉን ትታችሁ 8 አድርጉት፣ ወይም ጨርሶ አጥፉት፤ በዛሬው ሥርዓት አያስፈልግም። በስሕተት 911 የደወለ ሠራተኛ ደግሞ ደንግጦ ስልኩን አይዝጋ፤ ቢዘጋው መልሰው ይደውላሉ፣ ካልተነሣም ፖሊስ ሊልኩ ይችላሉ። መስመሩ ላይ ቆይቶ «በስሕተት ነው፣ አደጋ የለም» ይበል።

መብራትን በተመለከተ አጭር ነው። የጠረጴዛ ስልኮቻችሁ ኃይል የሚያገኙት ከኔትወርክ ስዊቹ ስለሆነ ሕንፃው ሲጨልም እነርሱም ይሞታሉ፤ ስዊቹንና ራውተሩን የሚይዝ የባትሪ ሳጥን በየቢሮው ይኑር፤ ባትሪው ሲያልቅ ግን የእጅ ስልክ ብቻ እንደሚቀር ሠራተኛው ይወቅ። የሊፍቱ ስልክና የእሳት ማስጠንቀቂያው መስመር ከድሮው ሥርዓት ጋር አብረው ተነቅለው እንዳይሆን የሕንፃውን አስተዳደር ይጠይቁ፤ ሥርዓት ሲቀየር ማንም የማያስታውሳቸው እነርሱ ናቸው።

እንግሊዝኛ የሚቸግራቸው ሠራተኞች ላይ አንድ ቀላል ነገር ትልቅ ለውጥ ያመጣል። በእያንዳንዱ ስልክ ሥር በእንግሊዝኛና በአማርኛ የታተመ ካርድ ይለጠፍ፦ የመንገድ ቁጥሩና ስሙ፣ ፎቁ፣ ክፍሉ፣ የካውንቲው ስም፣ በቅርብ ያለው መስቀለኛ መንገድ፣ የትኛው በር እንደሚከፈት። የ911 ማዕከሎች በስልክ አስተርጓሚ ያገናኛሉ፤ ሠራተኛዋ መጀመሪያ አድራሻዋን ከካርዱ ላይ አንብባ፣ ቀጥላ «አምሃሪክ» ብላ የቋንቋውን ስም ትናገር፣ ከዚያ ሳትዘጋ ትጠብቅ። ቅደም ተከተሉ አድራሻ መጀመሪያ ነው፤ መስመሩ ቢቋረጥ እንኳ የሚላክ አድራሻ ቀርቷል።

ሁሉም ከተስተካከለ በኋላ ይሞከር። ብዙ አገልግሎት ሰጪዎች 933 ሲደወል ለዚያ ስልክ የተመዘገበውን አድራሻ በድምፅ የሚያነብ መፈተኛ አላቸው፤ የእናንተ ካለው በየስልኩ ዞራችሁ፣ ካርዱን በእጃችሁ ይዛችሁ፣ የሰማችሁትን ከካርዱ ጋር አስተያዩ። ይህ ግን ጥሪው የትኛው ማዕከል እንደሚገባ አያሳይም፤ ለዚያ እውነተኛ የ911 ሙከራ ያስፈልጋል። በድንገት ግን አትደውሉ፤ በማዕከሉ የአደጋ ያልሆነ ቁጥር አስቀድማችሁ ደውላችሁ ቀንና ሰዓት ተቀበሉ፤ ከዚያ ከየፎቁ አንድ አንድ ስልክ ብቻ ሞክሩ። ጥሪ ተቀባዩን ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ምን አድራሻ ታየ፣ ፎቁ ታየ ወይ፣ መልሶ መደወያው ቁጥር ስንት ነው። ከዚያም በዚያው ቁጥር መልሶ እንዲደውል ለምኑት፤ የተቀዳው ድምፅ ካነሣ ሥራው አላለቀም።

ስለዚህ የምመክረው ይህ ነው። ተጨማሪውን አገልግሎት ዛሬ አይፈርሙ። በመጀመሪያ አገልግሎት ሰጪው የሁሉንም መስመሮች የ911 መዝገብ ዝርዝር አውጥቶ ይስጣችሁ፤ የትኛው ቁጥር በየትኛው አድራሻ እንደተመዘገበ የሚያሳየውን ማለቴ ነው። የሲልቨር ስፕሪንጎቹን ስልኮች በዚሁ ቀን አስተካክሉ፤ እስኪስተካከልም ድረስ እዚያ ያሉት ሠራተኞች በእጅ ስልካቸው እንዲደውሉ፣ አድራሻውንም በቃላቸው እንዲናገሩ ንገሯቸው። በሳምንቱ ውስጥ ፎቅና ክፍል፣ የአደጋ ቁጥሮቹና መልሶ መደወያቸው፣ የማስታወቂያ ተቀባዮቹ ይሞሉ። ከዚያ በኋላ ለተንቀሳቃሾቹ ላፕቶፖች ብቻ አገልግሎቱን ይግዙ፤ ውሉ ላይም አድራሻ ሳይረጋገጥ ስልኩ እንደማይከፈት፣ የኔትወርክ ሰንጠረዡን መጀመሪያ ሞልቶ የሚያስረክበው ማን እንደሆነ፣ ሲለወጥስ ማን እንደሚያድሰው በግልጽ ይጻፍ። ሻጩ የመጨረሻዋን ነጥብ ሊያስቀራት ይሞክራል፤ እሷ ያልገባችበትን ውል ግን አይፈርሙ።